የደጎሎዋ ሸዋረግ

አባባ ሦስት ጥያቄ አስይዘው ደሴ ላኩኝ። ሁለቱን ጠየኩ። ሦስተኛውን ከራሴ ሞላሁት። ነገሩ ይኸው ነው። ግን ዝርዝሩን ካልነገርኳችሁ እኔ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ አይገባችሁም፣ እሱ ካልገባችሁ ደግሞ ታዝኑልኛላችሁ። እንድታዝኑልኝ አልፈልግም።

አባባ መሪጌታ ኃይለ ማርያም ናቸው። ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለው ደብራችን ዜማ ያስተምራሉ። ሃያ ሠላሳ የሚሆን ተማሪ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ጎጆ ቀልሶ ይማርላቸዋል። ከወግዲ የመጣ አለ፣ ከማሻ የመጣ አለ፣ ዓባይን ተሻግሮ ከጎጃም የመጣም አለ። ቀን ይማራል። ከዚያ አኩፋዳውን አንግቶ በየሰው ደጅ ቁራሽ ሊለምን ይወጣል፣ ውሻ ይነክሰዋል፣ ይመለሳል።

እኔ ከዚህ ትምህርት ቤት የተባረርኩት በአሥራ አንድ ዓመቴ ነው። የመንግሥቱንም ሞክሬዋለሁ፤ ከአራተኛ ክፍል ተስማምተን ተለያየን። ከአባባ ዘንድ ያስባረረኝ ሙሌት ነው። የቃል ጸሎት በቃሌ ስል አንድ ቦታ ላይ ይጠፋብኛል። ሌላው ልጅ ሲጠፋበት ያለቅሳል። እኔ ግን ግዕዝ የሚመስል ነገር ከአፌ አወጣና ቦታውን እሞላዋለሁ። ዜማው ልክ ነው፣ ድምፄም አይከፋም፣ ቃሉ ግን የትም አገር የለም። ተማሪው አይነቃብኝም። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚያዳምጡ፤ ሙሌቷ ላይ ስደርስ መቋሚያቸው አናቴ ላይ ናት።

"ጎደለ በል" ይሉኛል። "ጎደለ ካልከኝ እኔ እሞላልሃለሁ። አንተ በውሸት ከሞላኸው ግን ጉድለቱን ማን ያገኘዋል?"

አልሰማሁም። ደስ ይለኝ ነበራ።

እህቴ የዓለምዘርፍ በሁለት ዓመት ታንሰኛለች። እናታችን ንግሥቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። ውሻ የነከሰው ተማሪ ሁሉ የሚመጣው እሷ ዘንድ ነበር። ውሃ ታፈላለች፣ ጨው ትበትናለች፣ ቁስሉን ታጥባለች፣ ከአሮጌ ነጠላ ቀዳ ታስርለታለች። ከዚያ ደብተሯን ታወጣና የልጁን ስም፣ ቀኑን፣ የውሻውን ባለቤት ትጽፋለች። ውሻው ያበደ ወይ የሞተ እንደሆን ወዲያው እንድታውቅ ነው። ይህን ማንም አላስተማራትም። ከእነዚያ ውሾች ግማሹን የማበሳጫቸው እኔ ነበርኩ። ከአጥር ጀርባ ሆኜ በዘንግ እነካካቸዋለሁ፣ ተማሪው አኩፋዳውን ይዞ ሲፈረጥጥ እንከተከታለሁ። የዓለምዘርፍ ታውቃለች። አንድ ቀን ደብተሯን ሰርቄ ሳየው የውሻ ባለቤት በሚለው ሥር አምስት ቦታ ላይ "አካሉ" ብላ ጽፋለች። አካሉ እኔ ነኝ።

በሰባ ዘጠኝ ክረምት አሥራ ሁለተኛን ጨረሰችና ሁለት ወረቀት ደረሳት። አንዱ ከመምህራን ማሰልጠኛ ነው። ሌላው ደሴ ካለ አንድ የጤና ረዳቶች ትምህርት ቤት ነው። እስከ ጳጉሜን አንዱን ፈርማ መመለስ አለባት። የትኛውን እንደምትፈልግ ቤቱ ሁሉ፣ ውሾቹም ጭምር፣ ያውቃል። አባባ ግን ብዕሩን ይዘው ተቀመጡ።

"ቤቱን ሳላውቅ ልጄን አልሰጥም።"

"ኧረ አባባ፣ ለባል ነው እንዴ የሚሰጧት?" አልኳቸው።

"ከባል ይብሳል። ባል ቢከፋ ትፈታዋለች። መምህር ከከፋ ያልሆነ ነገር ይዛ ዕድሜዋን ትኖራለች።"

በእነ አባባ ወግ ተማሪ ሩቅ አገር ወርዶ መምህር ሲያገኝ ዘሎ አይቀመጥም። መጀመሪያ ዞር ዞር ብሎ ይጠይቃል፣ ያያል፣ ከዚያ ነው ጎጆ የሚቀልስ። አባባም የደሴውን ቤት በዚሁ ወግ ሊያስጠይቁት ፈለጉ። ራሳቸው እንዳይሄዱ ፍልሰታ ገብቷል፣ ያለሳቸው ሌሊቱን የሚመራ የለም። እሷ ብቻዋን እንድትሄድ አልፈቀዱም። ስለዚህ እኔ ቀረሁ። እኩዮቼ ለብሔራዊ ውትድርና ሲለቀሙ እኔን የግራ ዓይኔ ሞራ አስቀርቶኛል፤ ገበያ ለገበያ ክብሪትና ሳሙና ይዤ እዞራለሁ። መንገድ አውቃለሁ፣ ሰው አላፍርም።

"ሦስት ነገር ጠይቅ" አሉኝ አባባ። "አንደኛ፣ መምህሩ ከማን ተማረ? ሁለተኛ፣ ተማሪው ምን በልቶ ያድራል? ጠግቦ የሚያድር ከሆነ ጠርጥር። ሦስተኛ፣ ከዚያ ቤት ተምረው የወጡት አሁን የት ናቸው? አንዱን ፈልገህ በዓይንህ እይ። ሁለቱን ብትረሳ ሦስተኛዋን እንዳትረሳ።"

የዓለምዘርፍ እስከ መኪናው ሸኘችኝ።

"አካልዬ፣ ደግሞ እንዳትቀልድ።"

"ወላሂ አልቀልድም።"

"ወላሂን ተው። በማርያም በል።"

"በማርያምማ አልምልም። ብቀልድስ?"

ሳቀች። እጇ ላይ ያለውን ቆሎ ኪሴ ውስጥ ገለበጠችልኝና እየሮጠች ተመለሰች።

የትምህርት ቤቱ በር ላይ ካፖርት የለበሰ ዘበኛ ቆሟል።

"ምን ፈለክ?" አለኝ።

"ትምህርት ቤቱን ልገመግም ነው።"

ግምገማ የሚባል ነገር ሰው ያስደነግጣል። ካፖርቱን ቆለፈ። "ከፓርቲ ነው?"

"ከመሪጌታ ኃይለ ማርያም ነው" አልኩት። ምን ዓይነት ባለሥልጣን እንደሆኑ ሲያስብ እኔ ገብቻለሁ።

መምህሯን አገኘኋቸው። ሲስተር አልታዬ ይባላሉ። ሃምሳ ዓመት ይሆናቸዋል፣ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ቢሮአቸው በሩ ክፍት ነው፤ ከበሩ ማዶ አግዳሚ ላይ አንድ ካኪ የለበሰ ሰውዬ ጋዜጣ ዘርግቶ ተቀምጧል። ጋዜጣውን ሲገልጥ አላየሁትም።

"እርስዎ ከማን ነው የተማሩ?" አልኳቸው።

"ምን አልክ?"

"መምህርዎ ማን ነበሩ? የሳቸውስ መምህር?"

መነጽራቸውን አጠለቁና አዩኝ። "ማን ነው ይህን ጠይቅ ያለህ?"

"አባቴ። የዜማ መምህር ናቸው። እህቴን እዚህ ሊያስገቡ ነው።"

"ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሬያለሁ፣ ከማን ተማርሽ ያለኝ ሰው የለም። ሁሉም ደመወዙን ነው የሚጠይቀኝ።" ወንበር ሰጡኝ። ያስተማረቻቸው አንዲት ፈረንጅ ሲስተር እንደሆነች፣ እሷም በጦርነት ቁስለኛ ስትጠግን ካረጀች መምህርት እንደተማረች፣ አንድ ሳይቀር ነገሩኝ። የመምህርቶቻቸውን ስም ሲጠሩ ልክ እንደ አባባ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ደስ አለኝ። አንደኛው ጥያቄ አለቀ።

ሁለተኛውን ለመመለስ ምሳ ላይ ከተማሪዎቹ ጋር ተሰለፍኩ። ግማሽ እንጀራ፣ ጭልፋ ምስር። ሁሉም ከሲታዎች ናቸው። አባባ ቢያዩዋቸው ይወዷቸው ነበር። እዚያ ላይ ማቆም ስችል ሰይጣኔ መጣ። እነዚህ ልጆች ምን ያህል ያውቃሉ? አልኩ። ዓይኔን ገልብጬ፣ አረፋ ደፍቄ፣ ተንፈራግጬ ወደቅሁ።

መጡ። አንዱ የሸሚዜን አንገት ፈታ አደረገልኝ፣ አንዷ ጭንቅላቴ ሥር ጨርቅ ከተተች፣ አንዱ ሰዉን ገፋ። የጮኸ የለም። ከዚያ አንዲት ቀጭን ረጅም ልጅ፣ ሀጀራ ትባላለች፣ አጠገቤ ቁጢጥ አለችና አስተውላ አየችኝ።

"ተነስ" አለችኝ።

ተንፈራገጥኩ።

"ተነስ ወንድሜ። የሚጥለው ሰው የሚወድቅበትን ቦታ አይመርጥም። ግቢው ሁሉ ጭቃ ነው፣ አንተ ደረቁን መርጠህ ነው የወደቅከው።"

አንድ ዓይኔን ገለጥኩ። ሞራ የለበሰውን።

"አልሃምዱሊላህ፣ ዳነ" አለች። ግቢው በሳቅ ሞተ። እሷ ግን ሳትስቅ ጣቷን አስጠግታ ዓይኔን አየችው፤ መቼ እንደጀመረኝ፣ ምን እንደወጋኝ ጠየቀችኝ። እሾህ ነው አልኳት። አዲስ አበባ ብሄድ ሊገፈፍ እንደሚችል ነገረችኝ። እስከዚያ ቀን ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ጥሩ ትምህርት ቤት ነው እንግዲህ አልኩ። ነበረም። ይህን ዛሬም አልክድም።

ልወጣ ስል ሲስተር አልታዬ ጋ ተመለስኩ።

"አንድ ጥያቄ ቀረችኝ። ተምረው የወጡት የት ናቸው?"

ወደ በሩ አዩ። ጋዜጣው አልተንቀሳቀሰም። "እናት አገር በምትፈልጋቸው ቦታ ሁሉ ተመድበዋል" አሉ ጮክ ብለው። ከዚያ የወደቀ እርሳስ የሚያነሱ መስለው ጎንበስ አሉና በቀስታ፣ "ምደባው እዚህ አይለጠፍም። ዳገቱ ላይ ቆርቆሮው ቀይ የሆነ ቢሮ አለ፣ ሰሌዳው ላይ ነው። ነገ ሁለት ሰዓት ይከፍታሉ። ማንበብ ትችላለህ?"

"አራተኛ ክፍል ደርሻለሁ።"

"ይበቃሃል። ሳታነብ አገርህ እንዳትገባ።"

"እሺ።"

"ሳታነብ አገርህ እንዳትገባ፣ ሰማህ?"

እኔ ሁለት ጊዜ የተነገረኝን ነገር ጭቅጭቅ ነው የምለው። ሰውዬው የማይገልጠውን ጋዜጣ ለምን እንደያዘ፣ እሳቸው እርሳስ ፍለጋ ለምን ጎንበስ እንዳሉ፣ ያን ጊዜ አልጠየኩም። ዓይን ያለው ሰው ያይ ነበር፤ እኔ ደግሞ አንድ ደህና ዓይን ነበረኝ።

መኪናው በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው የሚነሳ። ያረፍኩት ከዳገቱ ሥር ካለ ጠላ ቤት ነው። ባለቤቷ ሸዋረግ ትባላለች። ወፈር ያለች፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ ሳቂታ።

"ዓይንህን ምን ነካው?" አለችኝ።

"ቆንጆ ሳይበት ተቃጠለ።"

"ሌላኛውን ለእኔ አስተርፈኸዋል ማለት ነው" አለችና ጣሳውን እስከ አፉ ሞላችው። ጠዋት ተነሳሁ፤ ዝናቡ ይወርዳል። ቀዩ ቆርቆሮ ከተቀመጥኩበት ይታየኛል። ያን ያህል ቅርብ ነበር። ሁለት ሰዓት ሆነ። ዝናቡ ሲያባራ እወጣለሁ አልኩ። ሁለት ተኩል ሆነ። ሸዋረግ አንድ ጣሳ ደገመችኝ። ሦስት ሰዓት ሲቃረብ ዝናቡ አባራ፤ እኔም ተነሳሁና ቁልቁል ወደ መኪናው ሄድኩ።

አባባ ከቅዳሴ በኋላ ዋርካው ሥር ተቀምጠው ጠበቁኝ። የዓለምዘርፍ ትንሽ ራቅ ብላ የአንድ ተማሪ ባት ታጥባለች። ጆሮዋ እኛ ጋ ነው።

አንደኛውን ነገርኳቸው፤ ፈረንጇን፣ የፈረንጇን መምህርት። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለተኛውን ነገርኳቸው፤ ግማሽ እንጀራ፣ ጭልፋ ምስር። "መልካም" አሉ።

"ሦስተኛውስ?"

እዚህ ላይ "ጎደለ" ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ሌላ ሰው ይልኩ ነበር፣ ወይ ፍልሰታ ሲፈታ ራሳቸው ይሄዱ ነበር። ግን አፌ ዝም ብሎ ቆይቶ አያውቅም።

"አንዲት ሸዋረግ የምትባል አገኘሁ" አልኩ። "ደጎሎ ጤና ጣቢያ ነው የተመደበችው። ለፈቃድ ደሴ መጥታ ነው።"

"በዓይንህ አየሃት?"

"በደህናው።"

"ምን ትመስላለች?"

"ወፈር ያለች፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ ሳቂታ።"

"የማን ልጅ ናት?"

"የቄስ።"

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዜማ ሲሰሙ እንደሚጨፍኑት። አንገቴን ቀበርኩና መቋሚያዋን ጠበኩ። አልመጣችም። እንዲህ ያለ ሙሌት በሕይወቴ አልፎልኝ አያውቅም። ለምን እንዳለፈ ቆይቼ ነው የገባኝ፤ እሳቸውም ልጃቸው የምትወደውን ሊሰጧት ፈልገው ሰበብ ይጠብቁ ነበር። ሰበቡን ሰጠኋቸው።

"ጫማዋ ነጭ ነው?" አለች የዓለምዘርፍ ከወዲያ።

"ነጭ ነው። የደጎሎ ጭቃ እንኳ አይነካውም።"

አባባ ፈረሙ።

በጥቅምት ሄደች። መጀመሪያ ላይ በየወሩ ትጽፍ ነበር። መርፌ መውጋት ተማርኩ፣ የሰው አጥንት ቁጥሩ ይህን ያህል ነው፣ ሲስተር አልታዬ ሰላም ይሉሃል፣ ዓይንህን እንድታሳይ። ደብዳቤውን መካነ ሰላም ወርጄ የማመጣው እኔ ነኝ፣ አባባ ያነቡታል፣ ተማሪዎቹ ከበው ይሰማሉ። እነሱ እንኳ ናፍቀዋት ነበር። ቁስላቸውን እኔ ማጠብ ጀምሬያለሁ፤ ጨው ሳበዛ እየጮሁ "የዓለምዘርፍ እንዲህ አታደርግም" ይሉኛል።

በሰማንያ ሚያዝያ ራዲዮው ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር ማለት ጀመረ። በዚያው ወር አንድ ወፍራም ፖስታ መጣ። ውስጡ ሁለት ደብዳቤ አለ። አንዱ የአባባ ነው፤ ለአገር ጥሪ ወደ ሰሜን ልንሄድ ነው፣ አይጨነቁ፣ ይጸልዩልኝ ይላል። ሌላው ታጥፎ በላዩ "ለአካሉ ብቻ" ይላል። ፖስታ ቤቱ ግድግዳ ሥር ቆሜ አነበብኩት። በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ያለ ሙሌት በቃሌ የያዝኩት እሱን ብቻ ነው።

"አካልዬ፣ ትምህርቱ ሳያልቅ ሊወስዱን ነው። ቀዩን ቆርቆሮ ቢሮ ዛሬ አየሁት። ሰሌዳው ላይ ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ የወጡት ሁሉ ስማቸው አለ፣ ፊት ለፊቱ የተጻፈው ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው። ግንባር ይላል፣ ከላይ እስከ ታች። ፈልጊያት ያልከኝ ሀጀራም አለች፣ እኛ ከመግባታችን በፊት ነው የሄደችው። ደጎሎ የሚል የለም። ሸዋረግ የምትባልም የለችም። ሙሌት ናት አይደል? መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ የመጣውን አልጽፍልህም። ለአባባ እንዳትነግራቸው። የፈረሙት እሳቸው ናቸው፣ ራሳቸውን ነው የሚቀጡት። ትምህርቱ ግን ጥሩ ነው። እሱን አልዋሸህም።"

ከዚያ በኋላ ሰኔ ላይ አንዲት አጭር ደብዳቤ መጣች፣ ቦታዋ የማይነበብ። ከዚያ ወዲህ ምንም።

ሐምሌ አለፈ፣ መስከረም አለፈ፣ ገና አለፈ። ከጥምቀት በኋላ አባባ አንድ ቀን ጠዋት ጫማቸውን አጥልቀው ተነሱ።

"ደጎሎ እንሄዳለን" አሉ።

"ምን ልናደርግ?"

"ያቺ የቄስ ልጅ የቤቱን ነገር ታውቃለች። ከዚያ የወጡት እርስ በርስ ሳይጠያየቁ አይቀሩም። ልጄ ያለችበትን ባታውቅ እንኳ የሚያውቅ ሰው ትነግረኛለች።"

"መንገዱ ሩቅ ነው አባባ።"

"ደረቅ ነው፣ በጋ ነው።"

"ተዛውራ ቢሆንስ?"

"የተዛወረችበትን እጠይቃለሁ።" ከዚያ አንድ ጣሳ ማር አምጥተው አሸከሙኝ። "ለቄስ ልጅ ባዶ እጅ አይኬድም።"

እስከ ወረኢሉ በእህል መኪና፣ ከዚያ ወዲያ በእግር። ማሩን ተሸክሜ ከኋላቸው እሄዳለሁ። መቶ ጊዜ አፌን ከፈትኩ። መቶ ጊዜ የእህቴ ደብዳቤ ዘጋኝ፣ ለአባባ እንዳትነግራቸው ትላለች። እውነቱን ልናገርና፣ ደብዳቤው ባይኖርም የምናገር አይመስለኝም። ሰበብ የሚፈልግ ሰው ሰበብ አያጣም፣ ከአባባ አይቼዋለሁ። እሳቸው መንገድ ላይ ላገኙት ሰው ሁሉ "ደጎሎ ዘመድ አለን፣ ሲስተር ናት" ይላሉ። በሁለተኛው ቀን ዘመድ አድርገዋታል።

ደጎሎ ጤና ጣቢያ በር ላይ ነጭ ካፖርት የለበሰ ጎልማሳ አገኘን። ድሬሰሩ ነው፣ ቸኮል ይባላል።

"ሲስተር ሸዋረግን ፈልገን ነበር" አሉት አባባ።

"እንዲህ የምትባል የለችም አባ።"

"ወፈር ያለች፣ ጥርሰ ፍንጭት። ሳቂታ።"

ቸኮል ፈገግ አለ። "አባ፣ እዚህ ያለነው እኔና በላይ ነን። በላይ ካርድ ይሰጣል፣ እኔ እወጋለሁ። ወፍራሙ በላይ ነው፣ እሱም አይስቅም።"

"ከደሴው ትምህርት ቤት የወጣች ናት። የጤና ረዳቶቹ።"

ፈገግታው ጠፋ። ወደ መንገዱ አየት አደረገና ወደ ውስጥ አስገባን። "ከዚያ ቤት የወጣ ሰው እንዲህ ያለ ቦታ አይመደብም አባ። ሲከፈትም ለዚያ ነው የተከፈተው፣ ለግንባር። እኛ ሰው ላኩልን እያልን ሁለት ዓመት ስንጽፍ አንድም አልደረሰን። የጤና ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። እርስዎን ደጎሎ አለች ያለዎት ማን ነው?"

አባባ ዞረው አዩኝ። ተቆጥተው አልነበረም። ተቆጥተው ቢሆን እችለው ነበር። ዜማ ሲሰሙ ሙሌት ያገኙ ጊዜ የሚያዩትን አስተያየት ነው ያዩኝ፤ ብቻ በዚያን ቀን ዓይናቸው ተገልጦ ነበር። እኔ ደግሞ ምላሴ ላይ መልስ ተዘጋጅቶ ነበር፣ እግዜር ይመስክርብኝ። ሌላ ጤና ጣቢያ ሊሆን ይችላል፣ ስሙን ተሳስቼ ይሆናል፣ አግብታ ሄዳ ይሆናል። ሦስት ሙሌት በአንድ ትንፋሽ።

"የሰማሁት ነው" አሉት አባባ ለቸኮል። "ከሰው የሰማሁት ነው።" አመሰገኑትና ወጡ።

ማሩን እዚያው ልተወው ዝቅ ሳደርግ፣ "ተሸከመው" አሉኝ።

ግማሽ ቀን ያህል ሄድን። የገብስ አውድማ ዳር አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"በል፣ ቃል በል" አሉኝ።

"ምን?"

"ጸሎቱን። ልጅ ሆነህ ያልጨረስከውን።"

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ማሩን አስቀምጬ ፊታቸው ቆምኩና ጀመርኩ። ብዙው ከአፌ አልጠፋም፣ የሚገርም ነው። ሄድኩ፣ ሄድኩ፣ ያቺ ድሮ የምትጠፋብኝ ቦታ ላይ ደረስኩ። ድሮ የሞላሁባት ውሸት ትዝ አለችኝ፣ ዜማዋም ጭምር። አላልኳትም።

"ጎደለ" አልኩ።

ጠበኩ። ድሮ ጎደለ ያለ ልጅ ወዲያው ይሞላለታል፤ ቃላቸው ነው፣ አጉድለውት አያውቁም። ነፋሱ ገለባውን እያነሳ ይወስዳል። በመጨረሻ ዓይናቸውን ገለጡ።

"ይህችን እኔም ልሞላልህ አልችልም" አሉና ተነሱ።

ይኸው ነው የተናገሩኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሸዋረግ አንድም ቀን አላነሱብኝም። ማሩ ጓዳ ተቀምጦ ነው ያለው፣ የሚነካው የለም።

ባለፈው ሰሞን ጋሽ ያለው የሚባሉ ገበሬ ከወግዲ በኩል መጡ። ልጃቸው ይርገዱ ወረቀት ደርሷታል። ያው ትምህርት ቤት ነው፣ ያው ማኅተም። የመሪጌታ ልጅ እዚያ እንደተማረች ሰምተው አባባን ሊጠይቁ ነው የመጡ። አባባ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳጋደሙ፣ "አካሉን ጠይቁት። ሄዶ ያየው እሱ ነው" አሉ።

ጋሽ ያለው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "ይህ ውሻ የሚያስነክሰው ልጅ አይደለም እንዴ?"

"ነኝ" አልኩ። "አሁን ግን ቁስሉን አጥባለሁ።"

"እሺ፣ መምህሩ እንዴት ነው?"

"መምህርቷ ከደህና ሰው ነው የተማሩት። ሰው ይወዳሉ። የማይናገሩት ነገር ሲኖር እርሳስ ፍለጋ ጎንበስ ይላሉ፣ ያን ጊዜ ጆሮዎን ያስጠጉ።"

አልገባቸውም። "ምግቡስ?"

"ግማሽ እንጀራ፣ ጭልፋ ምስር። ትምህርቱ ጥሩ ነው ጋሽ ያለው። ልጅዎ የሚጥለውን ሰው ከሚያስመስለው ትለያለች።"

"ካልክስ መልካም ነው።" ወረቀቱን ከኪሳቸው አወጡ። ብዕር እንድሰጣቸው እጃቸውን ዘረጉ። ከዚያ ነገሩ ድንገት ትዝ እንዳላቸው ቀና አሉ። "ለመሆኑ ከዚያ የወጣ የምታውቀው ሰው አለ?"

አባባ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"አለ" አልኩ። "እህቴ።"

"የት ነው የተመደበች?"

"ግንባር። የወጡት ሁሉ እዚያ ናቸው። ስማቸው ደሴ ሰሌዳ ላይ አለ፣ ዳገቱ ላይ፣ ቀይ ቆርቆሮ። ሳያነቡ እንዳይፈርሙ።"

እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። "አሁንስ? አሁን የት ናት?"

ስንት ነገር አፌ ላይ መጣ። ነጭ ጫማ መጣ። ከረን መጣ፣ አሥመራ መጣ፣ ሆስፒታል ውስጥ ናት፣ ደህና ናት፣ ደብዳቤ ያልላከችው መንገድ ተዘግቶ ነው፣ ሁሉም ዜማው ልክ ነው። ከጎኔ አባባ ያዳምጣሉ።

"አላውቅም" አልኳቸው።